የዘለልኩት ጋፉማ

ጋዜጣ ሲሳሳት እርማት ያወጣል። እርማቷ ግን ሁልጊዜ ከስሕተቱ ታንሳለች። ስሕተቱ በትልልቅ ፊደል ሲያጌጥ ይውላል፤ እርማቷ በጨረታና በሐዘን ማስታወቂያ መካከል በሁለት መስመር ትሸጎጣለች። የእኔ ዛሬ የተገላቢጦሽ ነው። ስሕተቴ አንዲት አንቀጽ ነበረች፤ እርማቷ ይኸው አምዱን ሞላችው። ለምን ቢሉ፣ ከስሕተቷ ጀርባ አንድ ሰው አለ፤ ከሰውየው ጀርባ እናቱ አሉ፤ ከእናቱ ጀርባ ደግሞ አንድ ትልቅ ጋን አለ።

ነገሩ የመጠጥ ነገር ነው። ስለ መጠጥ የምጽፍ ሰው መሆኔን የቆያችሁ አንባቢዎች ታውቃላችሁ። ስለ ጠላ ቤት፣ ስለ ጠጅ ቤት፣ ስለ አረቄውና ስለ ቢራው ስሞነጫጭር ኖሬያለሁ። «ይኼ ሰውዬ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር ቆይቶ ምን ነክቶት ጠላ ቤት ገብቶ ቀረ?» ያሉኝም አልጠፉም። መልሴ አጭር ነው፤ ሥነ ጽሑፉን ያገኘሁት እዚያው ነው። በዚህ ሥራ ላይ ግን ብቻዬን አልነበርኩም። የቦምቤ ተወላጅ የሆነ፣ እንደኔው ስለ መጠጥ የሚጽፍ አንድ ሰው በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ መንገዴ ላይ ገጥሞኛል። ስሙን አልጽፍም። እንዳልጽፍ የለመነኝ ራሱ ነው፤ ምክንያቱን መጨረሻው ላይ ታገኙታላችሁ።

ቦምቤን ለማታውቁ፣ በወላይታ ዞን የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከሶዶ ወደ አረካ ይወጣና ከአረካ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። እንሰት፣ በቆሎ፣ ዝንጅብል የሚበቅልበት አገር ነው። ወረዳው እስከ ኦሞ ወንዝ ይዘልቃል፤ ከወንዙ ማዶ ዳውሮ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኘነው በ1980 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ፣ የሥነ ቃል ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። እያንዳንዳችን የሰበሰብነውን ይዘን እንድንቀርብ ታዘን ነበር። እኔ በግቢው ዙሪያ ካሉት ጠላ ቤቶች የለቃቀምኳቸውን ሁለት ሁለት ስንኝ ግጥሞች ይዤ ቀረብኩ። ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ከእኔ ቀጥሎ አንድ ቀጭን ልጅ ተነሣ። ግጥም የለውም፤ ዘፈን የለውም። ያነበበው እናቱ ቦርዴ ሲያዘጋጁ በየደረጃው የሚናገሩትን ነው። በቆሎው ሲቦካ ምን እንደሚሉ፣ ሲቆላ ጎረቤት ቢገባ ምን እንደሚሉ፣ ብቅሉ ሲጨመር ልጅ ዝም እንዲል የሚያዙት በምን ቃል እንደሆነ፣ ወንፊቱን ሲያነሡ ማንን እንደሚመርቁ።

አስተማሪው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኼ የቤት አያያዝ ትምህርት ነው። ሥነ ጽሑፉ የታለ?» አሉት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ መዋሸት ምን ያደርጋል? ልጁ ግን አልደነገጠም። ወደኔ በአገጩ ጠቆም አድርጎ፣ «እሱ የሰበሰበው መጠጡ ከተጠጣ በኋላ የሚባለውን ነው። እኔ የሰበሰብኩት ከመጠጣቱ በፊት የሚባለውን ነው» አለና ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ነገሩን እንደ ብልጠት ነበር የቆጠርኩት። ዓመታት ቆይቶ ነው ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር የአገራችንን የመጠጥ ታሪክ አጻጻፍ ለሁለት እንደሰነጠቀችው የገባኝ። እስቲ ወደ ኋላ ሄደን እንየው።

ስለ ቢራ ከተጻፉት ጥንታዊ ሰነዶቻችን አንዱ የአክሱሙ ንጉሥ የኢዛና የድንጋይ ላይ ጽሑፍ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሡ ያመፁትን የቤጃ ሰዎች ድል ያደርግና ስድስት አለቆቻቸውን ከ4,400 ሰዎች ጋር ወደ ሌላ አገር ያሰፍራቸዋል። በመንገድ ላይ በየቀኑ 22,000 እንጀራ ወይም ዳቦ፣ ሥጋ፣ ቢራና ወይን እንደሰጣቸው በድንጋይ አስቀርጾ ነገረን። እንጀራው ተቆጥሯል፤ ሰዉ ተቆጥሯል፤ አለቆቹም ተቆጥረዋል። ያን ሁሉ ቢራ የጠመቁት ስንት ሴቶች ናቸው? ድንጋዩ ዝም ይላል።

ቀጥሎ እንግዶቹ መጡ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ገብቶ ስድስት ዓመት ተቀመጠ፤ የተጋበዘውን የማር ጠጅና የእህል መጠጥ ሳይጽፍ አላለፈም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ደርሶ ስለ ጤፍ ሲጽፍ ከጤፍ ስለሚጠመቀው መጠጥም ጨመረበት። ሁለቱም የጻፉት ከዋንጫው ወዲህ ሆነው ነው። ኧረ የእኛዎቹስ! ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሌሊት ሲጽፍልን ከእሱ የተሻለ የመጠጥ ቤት ዓይን ያለው ደራሲ አላየንም፤ ግን ያም ቢሆን የጠጪውና የሌሊቱ ታሪክ ነው። እኔም በአቅሜ እዚያው ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ጌሾ ወቀጣ ላይ ማንም እንዳልመጣ፣ መጠጡ ሲደርስ ግን ከየጉድጓዱ እንደወጣ የሚናገረውን የድሮ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ጸሐፊውም ከዚያ ሕዝብ አንዱ ነው፤ ብዕሩን ይዞ የሚደርሰው ሲደርስ ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ የተገናኘነው ብላቴ ነው። የእኛ ዘመን ተማሪ ይህችን ስም ሲሰማ እግሩን ያመዋል። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ሲንገዳገድ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተቋረጠና ተማሪው ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ተላከ። መመረቂያ ጽሑፋችንን ጠረጴዛ ላይ ጥለን ጠብመንጃ መፍታትና መግጠም ጀመርን። ግንቦት 13 ቀን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ወጡ ተባለ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ማሠልጠኛው ተበተነ። ብዙው ተማሪ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬንያ ድንበር ተመመ። እኔ የሚያቃጥል እግር ይዤ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሳለ ከላዬ አንድ ሰው ቆመ። ያ ቀጭን ልጅ ነው፤ አሁን ይባስ ቀጥኗል። «ኬንያ ሩቅ ነው። የእናቴ ቤት ይቀርባል» አለኝ።

ሰው ይፈራል፤ መንገድ ላይ መሣሪያ የያዘው ብዙ ነው። እየተደበቅንና እያረፍን ሶዶ፣ ከሶዶ አረካ፣ ከዚያ ቦምቤ ገባን። እናቱ በር ላይ ሲያዩን አልጮኹም። ልጃቸውን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ዳሰሱት፤ ቀጥለው የማያውቁትን ልጅ፣ እኔን፣ ዳሰሱኝ። ከዚያ በትልቅ ቅል ወፍራም፣ ነጣ ያለ፣ ከውስጡ የሚንቀለቀል ነገር ሰጡኝ። ቦርዴ። ጎምዘዝ ይላል፤ ቀጥሎ ይጣፍጣል፤ ከዚያ ሆድ ውስጥ እንደ ገንፎ ይቀመጣል። ሁለተኛውን ቅል ስጨርስ እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም።

ቦርዴ እንደ ጠላ አይደለም። ጌሾ የለበትም። ወንፊት ያልፋል እንጂ አይጠልም፤ የአልኮል መጠኑም አነስተኛ ነው። እየፈላ ሳለ ነው የሚጠጣው፤ ካደረ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ ሩቅ አይሄድም፣ ታሽጎ አይሸጥም፣ ባለጠጋ አያደርግም። የቀን ሠራተኛው እንደ ምሳ ይጠጣዋል። አራስ ወተት ይጨምርላታል ተብሎ ይሰጣታል። መጠጥ ነው ቢሉ ምግብ ነው፤ ምግብ ነው ቢሉ መጠጥ ነው።

ልጃቸው ግን አልቀመሰም። እሱ ውኃ ጠጣ። ማታ ከቤቱ ኋላ ቁጭ ብለን ጠየቅሁት። የነገረኝን ለመረዳት ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል።

የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ወላይታ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1937 ሲያስወጣቸው ጥለዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ጣልያን ተሸንፎ ሲመለሱ የጠበቃቸው 10,000 ግድም ነበር። ሰባኪዎቹ የአገሩ ሰዎች፣ ቋንቋው የአገሩ ቋንቋ ነበር። ይህ እምነት ከሌላው የተለየበት አንዱ ምልክት መጠጥ ነው። ያመነ ሰው ከቦርዴውና ከፓርሶው ይለያል። ጎረቤት ለቅሶ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ደቦ ላይ ቅል ሲዞር የማይቀበል እጅ ማለት ነው። ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ ቅል ያልተቀበለ ሰው ጎረቤትነትንም እንዳልተቀበለ የሚቆጠርበት አገር ነውና። በደርግ ጊዜ ደግሞ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ ያ የማይቀበል እጅ ይበልጥ ጠነከረ።

ጓደኛዬ አማኝ ነበር። እናቱ ደግሞ ባለ ቦርዴ። «የደብተሬ ዋጋ ከዚያ ጋን ነው የወጣው። ከአንደኛ ክፍል እስከ ስድስት ኪሎ» አለኝ። «እናቴ በቦርዴ አስተማረችኝ። ቤተ ክርስቲያኔ ቦርዴን ተው አለችኝ። መጠጣቱን ተውኩ። እሷን ግን አልተውኳትም።»

«ታዲያ ለምን ትጽፈዋለህ?» አልኩት።

«ስለማልጠጣው ነዋ! የሚጠጣ ሰው ጣዕሙን ይጽፋል። እኔ የምጽፈው የሚቀረኝን ነው። ሥራዋን።»

ያን ሌሊት እናቱ ጋኑ ዘንድ ተቀምጠው ሲሠሩ እሱ ደረጃ በደረጃ ነገረኝ። እኔም የደከመኝ ቢሆንም አዳመጥኩ። አዳመጥኩ ብዬ ነበር። መሀል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ይህችን እንቅልፍ አደራ አትርሷት።

ሦስተኛው ግንኙነታችን በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ነበር። እሱ አስተማሪ፣ እኔም ለዩኒቨርሲቲ ሥራ ወርጄ። ከተማው ተኮሳትሯል። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀይጦ «ወጋጎዳ» በሚል ስም መማሪያ መጻሕፍት የታተሙበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሰው ሞተ። በኋላ መጻሕፍቱ ቀሩ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ጓደኛዬ በዚያ መካከል በወላይትኛ የጻፈው ስለ ቦርዴና ስለ ፓርሶ የሚናገር አንድ ጥራዝ ነበረው። ለማሳተም ሲጠያይቅ «በየትኛው ቋንቋ ነው?» ተባለ። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን እየሳቀ ነገረኝ፦ «እናቴ በወጋጎዳ ጠንስሳ አታውቅም።»

ስለ ቃላት ያጫወተኝ የዚያን ዕለት ነው። ኦሮሞው ፋርሶ ይላል፤ ወላይታው ፓርሶ ይላል። ቃሉ ከገበያ ገበያ ሲዞር «ፋ»ው «ፓ» ሆኗል። «ወሰኑን ባለሥልጣን ያሰምራል፤ መጠጡ ግን እያለፈ ይሄዳል» አለኝ። እኔ ሻይ፣ እሱም ሻይ እየጠጣን ነበር። ይህን አስደናቂ አባባል ጽፌ ያዝኩት። ያልያዝኩት ማን እንደተናገረው ነው። ወይም ይዤ ለማንም አልነገርኩም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ደረስኩ።

ነሐሴ 24 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ አገሩ ሁሉ ለአዲሱ ሚሊኒየም ሽርጉድ ሲል፣ ለንደን ውስጥ ማይክል ጃክሰን ሞተ። ዘፋኙ አይደለም፤ እሱ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው የሞተው። ይኸኛው ስለ ቢራ የሚጽፍ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው የዓለም ቢራ መጽሐፍ፣ ቢራ ሁሉ አንድ ቢራ አይደለም፣ እያንዳንዱ አገር፣ አንዳንዴም እያንዳንዱ መንደር የራሱ ዓይነትና የራሱ ታሪክ አለው ብሎ ዓለምን አሳመነ። የቤልጂግ ገዳማት ቢራ፣ የእንግሊዝ ጨለም ያለው ቢራ፣ ሊጠፉ የደረሱ ጠመቃዎች በእሱ ብዕር ምክንያት ጠያቂ አገኙ ይባልለታል። እንግዲህ አንድ ጸሐፊ አንድን መጠጥ ከሞት ሊያተርፍ ይችላል ማለት ነው።

እኔ ይህን ሳነብ ደሜ ሞቀ። ያን ጊዜ ማስተማሩን ትቼ አምድ መጻፍ ጀምሬያለሁ። «የእኛስ ማይክል ጃክሰን ማን ነው?» የሚል አምድ በ2000 ዓ.ም. መባቻ ጻፍኩ። ቦርዴን አነሣሁ፤ ፋርሶና ፓርሶን አነሣሁ፤ ወሰንና ባለሥልጣን የምትለዋን አባባል እንደ ራሴ አድርጌ ሰካኋት። የቦርዴ አዘገጃጀቱንም በአንድ አንቀጽ አስቀመጥኩ። የቦምቤው ሰው ስም የለም፣ «አንድ ወዳጄ እንደነገረኝ» እንኳ የለም። አንባቢ ወደደው። ስልክ ተደወለልኝ። አንድ ሰው «ከእናትህ ጓዳ የወጣ ይመስላል» አለኝ። አመሰገንኩ! እኔ እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ ቦርዴ በዓይኗም አይታ የማታውቅ ሴት ነች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እሱ ራሱ አዲስ አበባ ለሥራ መጥቶ ጋዜጣው ቢሮ በር ላይ አገኘሁት። አራተኛው ግንኙነታችን ይህ ነው። ጋዜጣዋን አጥፎ በብብቱ ይዟል። እግሬ ተሳሰረ። የተዘጋጀሁት ለስድብ ነበር። እሱ ግን ሰላምታውን በደንብ ከጨረሰ በኋላ ጋዜጣውን ዘረጋና በጣቱ አንዲት አንቀጽ ነካ።

«ጋፉማው የታለ?»

«ምን?»

«ጋፉማው። ዘለልከው። በአንተ አሠራር ቦርዴ አይወጣም። የእናቴን አንድ ሌሊት ሙሉ ጣልከውኮ!»

ያች ብላቴ የመለሰችኝ ሌሊት፣ ያች እንቅልፍ! እንቅልፍ በወሰደኝ ሰዓት እናቱ የሠሩት ሥራ ከጽሑፌ ጠፍቷል። የሰረቅሁትን እንኳ በሙሉ አልሰረቅሁም። ስለ ስሙ፣ ስለ ቃሉ፣ ስለ ሌላው ነገር አንዳች አልተናገረም። ይልቅስ ቦርሳው ውስጥ ተከፍቶ የተነበበ ጽሑፍ አወጣ። ከሐዋሳ፣ ዶክተር ከበደ አበጋዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ቦርዴ አሠራር ያወጡት ጥናት ነው። ከእሳቸው በፊት ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊም ስለ ቦርዴና ሻሜታ ተሐዋስያን ብዙ ጽፈዋል። «ሳይንቲስቶቹ አልዘለሉትም» አለኝ። «ሰዓት ይዘው ቆመው አይተዋል። ሰዓት የያዘ ሰው አይተኛም።»

በሚቀጥለው ሳምንት እርማት ላወጣ ቃል ገባሁ። አላወጣሁም። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ቀጥሎ ረሳሁ፤ ከዚያ ደግሞ የረሳሁት መስሎ መኖር ለመደብኝ።

ከዚያ ወዲያ የአገሩ የመጠጥ ታሪክ በሩጫ ሄደ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ፋብሪካው የሚጨመረው በየዘመኑ ጥቂት ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሔኒከን በደሌንና ሐረርን ገዛ፤ በ2012 ዲያጂዮ ሜታን ገዛ፤ አዳዲሶቹም ተከታተሉ። ስለ ቢራ የማይዘፈንበት፣ የማይሮጥበት፣ የማይሸለምበት ቀን ጠፋ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ማስታወቂያውን እስኪገድበው ድረስ። እኔም ከዚህ ሁሉ የአምድ እንጀራዬን ጋገርኩ። የቦርዴ ሴት ግን ከአዋጁ በፊትም ማስታወቂያ አልነበራትም፤ ከአዋጁም በኋላ የቀረባት የለም። በዚያው መካከል፣ በ2004 ዓ.ም. ግድም፣ የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ ገብቶ የቦምቤን አካባቢ ገበሬ ሲያራቁት እኔ ዜናውን አንብቤ ገጹን ገለጥኩ። ያ ሰው ዝንጅብል ይኑረው አይኑረው አልጠየቅሁም።

አምስተኛው ባለፈው ዘመን ነው፤ በ2016 ዓ.ም.። ሶዶ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ መስተዳድር መቀመጫ ከሆነች ገና ዓመት አልሞላትም። የድሮ አምዶቼን ለመጽሐፍ ስለቃቅም ያች የቦርዴ ጽሑፍ እጄ ላይ ወደቀች። እንደገና ሳነባት ጆሮዬ ላይ «ጋፉማው የታለ?» የሚል ድምፅ መጣ። ዕቃዬን ሸክፌ ወረድኩ።

ጡረታ ወጥቷል። ፀጉሩ ነጥቷል፤ ቅጥነቱ እንዳለ ነው። እናቱ ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ሲሞቱ አማኝ ነበሩ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጋኑን አራግፈው ውኃ ያጠራቅሙበት ነበር አለኝ። «ደስ አለህ?» አልኩት። ብዙ ዝም አለና፣ «በነፍሷ ደስ አለኝ። ጋኑን ባዶ ሳየው ግን አለቀስኩ» አለ። ሁለቱንም እኩል ነው የተናገረው፤ አንዱን ለማስታረቅ አልሞከረም። እኔ ብሆን ኖሮ አንዷን መርጬ አምድ አደርጋት ነበር።

ዝንጅብሉም በሽታው የገባ ዓመት ሄዷል። አሁን እንሰትና ትንሽ በቆሎ አለው።

ወደ ገበያው ወጣን። አንዲት ወጣት ሴት ቦርዴ ትሸጣለች። እሱ ከፈለ፤ እኔ ጠጣሁ፤ እሱ ዳሩ ላይ ቆሞ ሴትዮዋን በወላይትኛ ይጠይቃታል። ስንት ሰዓት ተነሣሽ፣ ብቅሉን ከየት ገዛሽ፣ ማገዶው ስንት ገባ። ጡረተኛው ሰውዬ እስከዛሬ እየጻፈ ነው ማለት ነው። እኔ ቅሌን እስክጨርስ እሱ አንድ ገጽ ሞላ።

እዚያው ይቅርታ ጠየቅሁት። ሁሉንም ዘረዘርኩ፤ አባባሉን፣ ቃላቱን፣ ያላወጣሁትን እርማት። በዚህ መጽሐፍ ስሙን ከነማዕረጉ አወጣዋለሁ አልኩት።

«አይሆንም» አለ። «ስሜን ካወጣህ እንደገና የወንድ ታሪክ ይሆናል። አንዱ ወንድ ከሌላው ወንድ ሰረቀ፤ ታረቁ ይባላል። እኔስ ከእሷ አይደለም እንዴ የወሰድኩት?»

«እንግዲያውስ የእሳቸውን ስም ልጻፍ።»

«እሱንም ተው። የእሷን ስም እኔ በቋንቋዬ እጽፈዋለሁ፤ ጥራዙ አልቋል፤ አሳታሚ እየፈለግሁ ነው። አንተ የሚገባህን ጻፍ። ጋፉማውን መልስ።»

ይኸው እመልሳለሁ። ለዚህ ሁሉ ወሬ ምክንያት የሆነችው እርማት የሚከተለው ነው።

በ2000 ዓ.ም. በዚህ አምድ ላይ ስለ ቦርዴ በወጣው ጽሑፍ «የተቆላው ሊጥ ከብቅል ጋር ተጠንስሶ በማግስቱ ይጠጣል» የተባለው ስሕተት ነው። የበቆሎው ክክ በውኃ ተለውሶ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይቦካል። ከቦካው ከፊሉ በብረት ምጣድ በደንብ ተቆልቶ እንኩሮ ይሆናል፤ እንኩሮው ሲቀዘቅዝ ከብቅል ዱቄትና ከውኃ ጋር ጋን ውስጥ ይገባል፤ ይህ ጥንስስ ነው፤ አንድ ቀን ያድራል። ከዚያ በኋላ ገና አልደረሰም። ከቦካው ሌላው እጅ ለስለስ ተደርጎ ይቆላል፤ ዱቄትና ውኃ ተጨምሮ ይታሻል፤ እየተድበለበለ በእንፋሎት ይበስላል። ጋፉማ ይህ ነው። ጋፉማው ቀዝቅዞ ተፈርፍሮ፣ ብቅል ተጨምሮበት ወደ ጥንስሱ ይገባል፤ ድፍድፍ ይሆናል፤ ሌሊቱን ያድራል። በመጨረሻ የቀረው ቡኮ እንደ ገንፎ ተገንፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ከብቅል ጋር ይቀላቀላል፤ በወንፊት ያልፋል፤ ጥቂት ሰዓት ይቆይና ይጠጣል። ማልዶ ለገበያ እንዲደርስ ወንፊቱ የሚነሣው ገና ሳይነጋ ነው።

በሥራው ሁሉ እሳቱ ዘንድ የሚቀመጥ ሰው አለ። ከጽሑፉ የጎደለው ይኸው ነበር። አንባቢን ይቅርታ እጠይቃለሁ።